«እማዬ፣ እኛ ከየትኞቹ ነን?» ልጆች፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያና ፖለቲካ፦ ለወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃንን በያዘበት አንድ ምሽት ሁለቱ ልጆቼ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ካርቱን ያያሉ፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ካርቱኑ ተቋረጠና ማስታወቂያ ገባ። መጀመሪያ ከበሮ ተመታ። ቀጥሎ ሰንደቅ ዓላማ ተውለበለበ፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ሜዳ ላይ ሮጡ፤ አንድ ጎርናና ድምፅ «እኛ እያለን ማን ይደፍራታል!» አለ። የሚሸጠው ዕቃ መጨረሻ ላይ ለሁለት ሰከንድ ያህል ብልጭ ብሎ ጠፋ። የቤት ቀለም ነበር።

ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ብርድ ልብሱን እየጎተተች መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «እማዬ፣ እኛ ከየትኞቹ ነን? ከሚደፍሩት ነን ከማይደፍሩት?»

«ማስታወቂያ እኮ ነው፣ የኔ እናት፤ ሂጂ ካርቱንሽን እዪ» አልኳት። ሄደች። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ልጄ ከባድ ጥያቄ ይዛ ወደ እናቷ መጥታ ነበር፤ እኔ ደግሞ መልሱን ለቀለም ሻጩ ትቼለት መለስኳት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ከልጆቼ ጋር የሞከርኩትን፣ የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም፣ እንደኔ ለሚጨነቁ ወላጆች በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ቴሌቪዥኑን ሽጦ መገላገል ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም። ቤት ውስጥ ብትዘጉት ልጁ በጎረቤት ቤት ያየዋል፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ባለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አውቶብስ ውስጥ ያየዋል፤ ምሳ በምትበሉበት ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። በእኛ በሰሜን ሸዋ ደግሞ ፖለቲካ በስክሪን ብቻ የሚታይ ሩቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ያለፉበትን ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቻችን ከተፈናቀሉ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ስለዚህ ከማስታወቂያው ጋር ልጁን ብቻውን አለመተው ነው የወላጅ ሥራ የምለው።

እርምጃ 1፦ ከመከልከላችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት መዝግቡ

ሪሞቱን ከመንጠቃችሁ በፊት አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጡ። ልጆቻችሁ በሚያዩበት ሰዓት የሚገባውን ማስታወቂያ ለሰባት ቀን ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጣቢያውን፣ የሚሸጠውን ነገር፣ ከዕቃው ሌላ ምን እንዳሳየ፣ ልጁ ምን እንዳለ። የመጨረሻዋ ነጥብ ከሁሉም ትበልጣለች። ልጁ ምንም ካላለ «ዝም አለ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዝምታም ይመዘገባል።

እኔ ስመዘግብ ፖለቲካው በአምስት በር እንደሚገባ አስተዋልኩ። አንደኛው ዕቃ ሻጩ አገርንና ታሪክን ለብሶ የሚመጣበት ነው፤ የካቲት 23 ሲቃረብ ከሳሙና እስከ ቆርቆሮ ዓድዋን ያልጠቀሰ ማስታወቂያ ማግኘት ይቸግራል። ሁለተኛው በበዓል ሰሞን ተቋማት የሚያስነግሩት የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ነው፤ ልጆች የባለሥልጣናትን ፊት በብዛት የሚለምዱት ከዚህ ነው። ሦስተኛው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጥሪ ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረተ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ከተጣለ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስከተመረቀበት ድረስ ያደጉ ልጆች ወደ 8100 መልእክት መላክን ፊደል ሲቆጥሩ ጀምሮ ያውቁታል፤ ትልቁ ልጄ ስልኬን ይዞ «ካልላክን አገራችንን አንወድም ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ግድቡን በሙሉ ልቤ ደግፌያለሁ፤ ጥያቄው ግን መልስ ይፈልግ ነበር። አራተኛው የምርጫ ቅስቀሳ ነው፤ ስለ እሱ ለብቻው እመለስበታለሁ።

አምስተኛውን ብዙ ወላጅ ከማስታወቂያ አይቆጥረውም፤ እኔን ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን እሱ ነው። ጣቢያው የራሱን ዜናና የውይይት ዝግጅት የሚያስተዋውቅበት ቅንጭብ። ካርቱን መሀል የተኩስ ድምፅ፣ የምታለቅስ እናት፣ የተቃጠለ ቤት፣ ከዚያም «ዛሬ ማታ እንዳያመልጣችሁ!» ይላል። ዜና ለልጅ አይሆንም ብላችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጣቢያ ትቀይራላችሁ፤ ልጁ ግን የዜናውን ፍርፋሪ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሲለቅም ውሏል። ለዚያውም ሙሉው ዜና ቢያንስ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ቅንጭቡ ያስፈራና ሳይነግር ይሄዳል።

እርምጃ 2፦ የልጁን ዕድሜ መነሻ አድርጉ

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሪፖርት ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማስታወቂያን የማሳመን ዓላማ እንደማይረዱ፣ የሚነገራቸውንም እንደ እውነት እንደሚቀበሉ ያስረዳል። ስዊድን ከ12 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የከለከለችው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ ብዙ አታብራሩ፤ ስም ብቻ ስጡት። «ይህ ማስታወቂያ ነው። አንድ ነገር እንድናደርግለት ይፈልጋል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር በየቀኑ ድገሟት። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያለው ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ከእርምጃ 4 ጀምሮ ያለው በይበልጥ ለእሱ ነው። ከአሥራ ሁለት በላይ ያለው ደግሞ ቴሌቪዥን ያየውን በስልክ ያገኘዋል፤ ከእሱ ጋር ሁለት ጣቢያዎች አንድን ጉዳይ እንዴት እንዳቀረቡት ማነጻጸር ይቻላል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን የሚል ነው፤ እነሱን በጨዋታ ማቆየት ይሻላል።

እርምጃ 3፦ ሪሲቨሩንና ሳሎኑን አስተካክሉ

አብዛኛው ሪሲቨር ቻናል መቆለፊያ አለው። ሪሞቱ ላይ «ሜኑ» የሚለውን ተጫኑ፤ «ፓረንታል ሎክ» ወይም «ቻናል ሎክ» የሚል ክፍል ፈልጉ። የይለፍ ቁጥሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ 0000 ነው፤ ወዲያው ለውጡት፤ ልጆች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ቀጥሎ «ፌቨሪት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ልጆቹ የሚያዩዋቸውን አምስት ስድስት ቻናሎች ብቻ አስገቡ። የዲሽ ሠራተኛ መጥቶ ሪሲቨሩን እንደ አዲስ ካስጀመረው ቁልፉ ይጠፋልና እሱ ሲወጣ መልሳችሁ ቆልፉ።

ቁልፉ የሚሠራው ለቻናል ነው፤ በተፈቀደው ቻናል ውስጥ የሚገባውን ማስታወቂያ አያግደውም። በዚህ ምክንያት ቴሌቪዥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ከቁልፉ ይበልጥ ይጠቅማል። መኝታ ቤት ካለ አውጡት። እኔ ሳሎን ውስጥ ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት አዛወርኩት፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ማየት እችላለሁ።

እርምጃ 4፦ ድምፁን አጥፍታችሁ አብራችሁ እዩ

ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚጮህ የሚመስለን ጆሯችን አታሎን አይደለም። የድምፁ ዝቅታና ከፍታ ተጨምቆ ሁሉም ቃል፣ ሁሉም ከበሮ እኩል እንዲጮህ ተደርጎ ይቀነባበራል። ልጁን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ይህ ነው። ስለዚህ የቤታችን ደንብ እንዲህ ሆነ፦ ማስታወቂያ ሲገባ ሪሞቱን የያዘ ልጅ ድምፁን ያጠፋል፤ ሌላው ደግሞ የሚያየውን ብቻ ይናገራል።

መጀመሪያ የሞከርነው በዚያው በቀለሙ ማስታወቂያ ነበር። ድምፁ ጠፋ። ትንሿ ጀመረች፦ «ልጆች እየሮጡ ነው። ከኋላቸው የሚያባርራቸው ሰው የለም። ወዴት እንደሚሮጡም አይታይም።» ወንድሟ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ «ቀለሙ የታል? ግድግዳ እንኳ የለም» አለ። ሁለት ቀን ቆይተን ያንኑ ማስታወቂያ በድምፁ አየነው። «አሁንስ ምን ተሰማሽ?» አልኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ይመታኛል» አለችኝ። ከበሮው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ስሜቷ ከየት እንደመጣ በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ማስታወቂያ ፈርታ አታውቅም፤ ከበሮው ሲመጣ ራሷ ደረቷን እየመታች ታጅበዋለች።

ይህን ስታደርጉ አትቸኩሉ፤ በአንድ ምሽት አንድ ማስታወቂያ ይበቃል። እያንዳንዱን ማስታወቂያ ትምህርት ካደረጋችሁት ልጆቹ ይሰለቻሉ፤ እኔ በመጀመሪያው ወር ያጠፋሁት ይህን ነው፤ ትልቁ ልጄ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ መሄድ ጀምሮ ነበር።

እርምጃ 5፦ «እኛ» የምትለዋን ቃል ቁጠሩ

አንድ ሲኒና አንድ እፍኝ ባቄላ አዘጋጁ። ማስታወቂያው «እኛ» ባለ ቁጥር ልጁ አንድ ባቄላ ሲኒው ውስጥ ይጥላል። የእኔ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ሁለት ባቄላ ብቻ አገኙ። በሦስተኛው ቀን ግን ትልቁ ልጄ አንድ ነገር ደረሰበት። «እማዬ፣ ‹እኛ› ሳይልም እኛ ይላል! ‹እንገነባለን› ሲል እኛ አለበት። ‹ታሪካችን› ሲልም አለበት።» እውነቱን ነው። የእኛ ቋንቋ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ሸሽጎ ይይዛል፤ «እናሸንፋለን»፣ «አገራችን»፣ «ኩራታችን» በሚሉ ቃላት ውስጥ ሁሉ «እኛ» ተቀምጣለች። እንደገና ቆጠርን። ለግማሽ ደቂቃ ማስታወቂያ አሥራ አንድ ባቄላ።

ባቄላው ከተቆጠረ በኋላ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። በዚህ «እኛ» ውስጥ አንተ አለህ? አያትህስ? ከአጣዬ መጥቶ ክፍላችሁ የገባው ልጅስ? ዕቃውን ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ሰውስ? ከ«እኛ» ውጪ የቀረው ማን ነው? ስሙ ተጠርቷል ወይስ ሳይጠራ ነው እንድንጠረጥረው የተፈለገው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለትልልቆቹ ነው፤ ለትንንሾቹ አቆዩት እንጂ አትርሱት። ልጅ በሰዎች ላይ ጥርጣሬ የሚማረው በግልጽ ከተነገረው ይልቅ ስሙ ሳይጠራ ከታለፈው ነው።

ጥሩ «እኛ» እንዳለም ንገሯቸው። የክትባት ዘመቻ «ልጆቻችንን እናስከትብ» ሲል ማንንም ከበር አያስወጣም። የልጁ ዓይን ሁለቱን መለየት እንዲችል ሁለቱንም አሳዩት፤ አለዚያ «እኛ» የሚልን ሁሉ የሚጠላ ልጅ ታሳድጋላችሁ፤ ያ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው።

ማስታወቂያው ታሪክ ከጠቀሰ ደግሞ ልጁ ታሪኩን ከማስታወቂያው በፊት ከእናንተ ይስማ። እኛ በዚህ ዕድለኞች ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም፤ የሸዋ ንጉሥ ሆነው የነገሡበት አንኮበርም የእኛው ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ልጆቼን አንጎለላ ወሰድኳቸው። ዓድዋ ላይ ስለ ዘመቱት ስናወራ ትንሿ «ከእኛ አገር ብቻ ነው የሄዱት?» አለች። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከወለጋም መዝመታቸውን ነገርኳት። በሚቀጥለው የካቲት ማስታወቂያው አንድ ፈረሰኛ ብቻ ሲያሳይ «ሌሎቹስ?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት።

እርምጃ 6፦ ለከባዱ ጥያቄ ቀድማችሁ ተዘጋጁ

ከማስታወቂያው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ማስታወቂያው አይሆንም። «ጦርነት እኛ ጋ ይመጣል?» «እነሱ ክፉዎች ናቸው?» «አባዬ የማን ደጋፊ ነው?» እነዚህ ጥያቄዎች በመኝታ ሰዓት መብራት ሲጠፋ ነው የሚመጡት፤ መልሱን ያን ጊዜ መፈለግ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል።

ለመጀመሪያው «ምንም የለም፣ ተኛ» አትበሉ። በዚህ አካባቢ ተኩስ በጆሮው የሰማ ልጅ «ምንም የለም» ሲባል የሚረዳው እናቱ እንደማትነግረው ነው፤ ሁለተኛ አይጠይቃችሁም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ «የምንፈራበት ጊዜ አለ፣ እኔም እፈራለሁ። ዛሬ ማታ ግን ቤታችን ነን፣ በሩ ተዘግቷል፣ አባትህም እኔም እዚህ ነን። የሚያሰጋ ነገር ካለ ምን እንደምናደርግ እኔና አባትህ ተነጋግረናል።» ከዚያ ልጁ ዘመድ ቤት የት እንደሆነ፣ የማንን ስልክ ቁጥር በቃሉ መያዝ እንዳለበት ንገሩት። ልጅ በእጁ የሚይዘው ነገር ሲኖረው እንቅልፍ ይወስደዋል።

ለሁለተኛው፣ ማለትም «እነሱ ክፉዎች ናቸው?» ለሚለው፣ ድርጊትንና ሰውን ለዩ። «ቤት ማቃጠል ክፉ ሥራ ነው፤ ማንም ቢያደርገው። በዚያ ቋንቋ የሚናገር ሁሉ፣ በዚያ አገር የሚኖር ሁሉ ግን ቤት አላቃጠለም።» ይህን በምታውቁት ሰው አስደግፉት። በእኔ ቤት የምንጠቅሰው ልጄ ትንሽ ሆና ስትታመም ሌሊት መኪናውን አስነሥቶ ሐኪም ቤት ያደረሰንን ጎረቤት ነው። የየትኛው ብሔር ሰው እንደሆነ ልጆቹ የሚያውቁት በጣም ቆይተው ነው፤ መኪናውን ግን አልረሱትም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቤት ውስጥ የምታምኑበትን ለልጅ መንገር ነውር የለውም። ነገር ግን ልጁ የእናንተን አቋም ተሸክሞ ትምህርት ቤት እንዲሄድ አታድርጉት፤ ዛሬ ባለንበት ሁኔታ በቤት የተነገረች አንዲት ቃል በሰፈር ምን እንደምታስከትል እናውቃለን። «ለማንም እንዳትናገር!» ብሎ ማስፈራራትም ልጁን ምሥጢር ተሸካሚ ያደርገዋል። የእኔ አባባል ይህ ነው፦ «ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። አንተ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላህ የራስህን ትመርጣለህ። እስከዚያ ሰው ቢጠይቅህ ‹እኔ ገና ልጅ ነኝ› በል።» ልጄ ይህን መልስ ሁለት ጊዜ ተጠቅሞበታል፤ ሲነግረኝ ትከሻው ቀለል ያለው ይመስል ነበር።

እርምጃ 7፦ ከቤቱ ትልልቆች ጋር ተነጋገሩ

ማስታወቂያው ሰላሳ ሰከንድ ነው፤ አጎት ግን ሁለት ሰዓት ያወራል። ልጆች «እነሱ» የሚለውን ቃል በብዛት የሚሰሙት ከስክሪኑ እንዳይመስላችሁ፤ ስክሪኑን እያየ ከሚናገረው ከእኛው አፍ ነው። ደብተሬን በሁለተኛው ሳምንት ሳነበው «ልጁ ምን አለ» በሚለው አምድ ሥር ከተጻፈው ውስጥ ሦስቱ የእኔው ቃላት ነበሩ፤ ዜና እያየሁ የወረወርኳቸው። ያን ቀን አፈርኩ።

አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዜና ሲያዩ ስክሪኑ ላይ ለሚታየው ሁሉ መልስ ይሰጣሉ፤ አንዳንዱ መልስ ለልጅ ጆሮ አይሆንም። ለትልቅ ሰው «ዝም ይበሉ» አይባልም። ቡና አፍልቼ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ «እማማ፣ ልጆቹ የእርስዎን ቃል ከእኔ ቃል አብልጠው ይይዛሉ፤ ትናንት ትንሿ እርስዎ ያሉትን ቃል በቃል ለጓደኛዋ ስትነግር ሰማኋት» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። «የትኛውን?» አሉ። ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው «እሱን እኔ ነኝ ያልኩት?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ባሉበት ዜና ሲመጣ ራሳቸው «ኑ፣ ተረት ልንገራችሁ» ብለው ወደ ውስጥ ይጠሯቸዋል። ዋናው ነገር መውቀስ ሳይሆን ልጁ የደገመውን ቃል ማሳየት ነው፤ ማንም አያት ለልጅ ልጁ መጥፎ አይመኝም።

ለእንግዳም፣ ቤት ውስጥ ለምታግዛችሁ ልጅም እንዲሁ አድርጉ፦ ቀድማችሁ፣ በትሕትና፣ ልጆቹ ሳይሰሙ።

እርምጃ 8፦ የምርጫ ሰሞን ሲመጣ

በምርጫ ወቅት ፓርቲዎች በመገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓት ይደለደልላቸዋል። ቅስቀሳው ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባሉት አራት ቀናት ይቆማል፤ የጥሞና ጊዜ ይባላል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ልጆች የፓርቲ ምልክቶችን እንደ እግር ኳስ ቡድን አርማ ይይዟቸዋል።

ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። በግንቦት 1997 ምርጫ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የቴሌቪዥን ክርክሩን ለማየት ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት «ንብ» (የኢሕአዴግ ምልክት) እና «ሁለት ጣት» (የቅንጅት ምልክት) ተባብለን ተከፈልን፤ መጀመሪያ እንደ አባሮሽ ያለ ጨዋታ ነበር። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በየቀኑ ዳቦ ለሁለት ገምሰን እንበላ ነበር፤ አንድ ቀን ዳቦዋን ይዛ ዞር አለች። እኔም ዳቦዬን ይዤ ዞር አልኩ። እስከ ክረምት አልተነጋገርንም። ስለ ምርጫው ሁለታችንም የምናውቀው ምልክቱን ብቻ ነበር።

ለልጆቻችሁ ምርጫን ከቅስቀሳው በፊት በቤት አሳዩአቸው። እኛ የመረጥነው የእሁድ ቁርስ ነው። ገንፎ፣ ጨጨብሳና የእንጀራ ፍርፍር ተወዳደሩ። እያንዳንዱ የራሱ ምልክት ተሳለለት፤ እያንዳንዱ ልጅ ለሚደግፈው ምግብ የግማሽ ደቂቃ ማስታወቂያ ሠራ፤ ድምፁ በተጠቀለለ ወረቀት ሙዳይ ውስጥ ተሰጠ፤ ቆጠራው ሁሉም ፊት ሆነ። አያታቸውም መርጠዋል።

ትንሿ ገንፎን ይዛ ቀረበች። ከበሮ እንዲሆናት ድስት ገልብጣ እየመታች «ገንፎ የማይወድ ሰው እናቱን አይወድም!» አለች። ወንድሟ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ «እኔ እናቴን እወዳለሁ። ገንፎ ግን አልወድም!» አለ። ድስቱን መምታት አቆመች። አየችኝ። «ይቻላል እንዴ?» አለችኝ። ይቻላል አልኳት። ከስልኬና ከ8100 ጋር የቀረውን የዚያን ቀን ጥያቄ ትልቁ ልጄ በዚያች ቅጽበት ራሱ የመለሰው መሰለኝ። ፍርፍር በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ፤ ገንፎ ያቀረበችውም በላች።

በዚህ ጨዋታ አንድ ነገር አጥብቁ፦ የተሸነፈው ልጅ ከገበታው እንዳይነሣ፣ ያሸነፈውም እንዳይሳለቅ። ውጤቱን ወላጅ ከለወጠው ጨዋታው ባይጀመር ይሻል ነበር።

እርምጃ 9፦ ከመስመር ያለፈውን አቤት በሉ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከፕሮግራም በግልጽ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ የሰውን ክብር የሚነካ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስለ ልጆችም ድንጋጌ አለው። የጥላቻ ንግግርን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ማስታወቂያ በሕግ አይገታም የሚል ካለ የአልኮል መጠጥን አስታውሱት፤ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው።

መጀመሪያ ለጣቢያው ጻፉ። ካልመለሰ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፤ የምርጫ ቅስቀሳ ከሆነ ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድም። ቁጣችሁን ትታችሁ ደብተራችሁን ተጠቀሙ። የእኔ ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር፦

«በዚህ ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20፣ የልጆች ፕሮግራም በሚተላለፍበት መካከል የምሽት ውይይታችሁን የሚያስተዋውቅ ቅንጭብ አስተላልፋችኋል። ቅንጭቡ ተኩስና የተቃጠለ ቤት ያሳያል። የስድስት ዓመት ልጄ አብራኝ ነበረች፤ ያን ሌሊት ብቻዋን አልተኛችም። የምጠይቀው በልጆች ፕሮግራም መካከል የሚተላለፉ ቅንጭቦች ተኩስና የሰው ጉዳት የማያሳዩ እንዲሆኑ ነው።»

አራት ነገር ይበቃል፦ መቼ፣ ምን፣ ልጁ ላይ ያደረሰው፣ የምትጠይቁት። ሌላ ሁለት ሦስት ወላጅ አብሮ ቢፈርም ይበረታል፤ በትምህርት ቤቱ የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ማንሣት ይቻላል፤ እኔም ሁለቱን ፈራሚዎች ያገኘሁት እዚያ ነው። የደብዳቤውን ቅጂ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጡ፤ የላካችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ በወር ውስጥ መልስ ካልመጣ ያንኑ ደብዳቤ ከአዲስ ቀን ጋር ድጋሚ ላኩት።